ቶዮታ የሸማኔ ልጅ ነው

የዛሬው ጽሑፌ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ።

ነገሩ የጀመረው ክፍል ውስጥ ነው። ለ10ኛ ክፍል የታሪክ ተማሪዎቼ ቀለል ያለ የቤት ሥራ ሰጠኋቸው። "የአባታችሁን ወይም የእናታችሁን ሥራ ጻፉ። የሚሠሩበት መሣሪያ ከአያቶቻችሁ ዘመን ወዲህ ምን ምን እንደተለወጠ ጠይቃችሁ ኑ" አልኳቸው። ሃሳቤ የቴክኖሎጂን ታሪክ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከቤታቸው እንዲጀምሩ ነበር።

ወረቀቶቹን ማታ ሳርም የአንድ ልጅ ላይ ደረስኩ። "አባቴ ነጋዴ ነው። መሣሪያው ሚዛን ነው። ሚዛን ድሮም ነበር" ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ይህን ልጅ አውቀዋለሁ። አባቱንም አውቃቸዋለሁ። ሸማኔ ናቸው። ወረቀቱን ሳርም ትከሻዬ ላይ ጣል ያደረግኩት ጋቢ ራሱ የእሳቸው እጅ ሥራ ነው!

በማግስቱ ለብቻው ጠርቼ "ምነው?" አልኩት። አንገቱን ደፍቶ "ቲቸር፣ ወረቀቱን ክፍል ውስጥ ጮክ ብለን እናነባለን ብለው ነበር እኮ" አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም። እኔም ሌላ አልጠየቅኩትም።

ታዲያ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይሄ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። የታሪክ አስተማሪ ነኝና የማውቀውን ያህል ወደ ኋላ ሄጄ ላስበው ሞከርኩ። እናንተም አብራችሁኝ አስቡበት።

መጀመሪያ እስቲ አንድ ተራ የድሮ ቤት በዓይነ ህሊናችሁ ሳሉ። ገበሬው የሚያርስበትን ማረሻ የሠራው ማነው? ቀጥቃጭ። እንጀራ የሚጋገርበትን ምጣድ፣ ቡና የሚፈላበትን ጀበና የሠራችው ማናት? ሸክላ ሠሪ። ኮርቻውን፣ መጫኛውን? ፋቂ። ለበዓል የሚለበሰውን ነጠላ? ሸማኔ። ቄሱ የሚያሳልሙበትን መስቀል እንኳን እሳት ውስጥ ከትቶ ቅርጽ የሰጠው አንጥረኛው ነው። የዚያን ቤት ዕቃ ሁሉ የሠሩት እጆች ግን በዚያ ቤት ማዕድ ላይ አይቀርቡም ነበር። ቀን ማረሻ ለማሳል የተሄደበትን ሰው፣ ማታ "ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ያማል" ብሎ መፍራት! ልጅ መስጠት የለ፣ ልጅ መቀበል የለ።

ነገሩ የስድብ ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ ከመሬት ጋር የተያያዘ ነው። ርስት ያለው ያርሳል። ርስት የሌለው ወይም የተነጠቀ ደግሞ በእጅ ሥራ ይኖራል። በእጅ ሥራ ስለሚኖር ይናቃል፤ ስለሚናቅ ርስት አይሰጠውም። ዞሮ ዞሮ እዚያው። በጎንደር አካባቢ ቤተ እስራኤሎች ለዘመናት በብረት ሥራ፣ በሸክላና በግንበኝነት የኖሩት በዚህ ዓይነት ነው። ብዙዎቹ በ1980ዎቹና በ1991 እ.ኤ.አ. ወደ እስራኤል ሲሄዱ አብሯቸው የሄደ ሙያ አለ። በ1991ዱ ዘመቻ ብቻ በ36 ሰዓት ውስጥ 14 ሺህ ያህል ሰው ነው የተጓዘው። ስንሸኛቸው "ሙያተኛ ሄደብን" ያልን ስንቶቻችን ነን?

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ንቀቱ በእውቀት ላይ ያደረሰው ነገር ነው። ብዕር የያዘው ሊቅና መዶሻ የያዘው ቀጥቃጭ አይነጋገሩም ነበር። ሊቁ ብረት በስንት ሙቀት እንደሚለሰልስ መጠየቅ ያሳፍረዋል። ቀጥቃጩ ያወቀውን የሚጽፍበት ፊደል የለውም። ስለዚህ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ብቻ ይተላለፋል። አባት ያወቀውን ልጅ ያውቃል፣ በዚያው ይቆማል። ሸማኔያችን ዛሬም እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ፣ መወርወሪያውን በእጁ እየወረወረ ነው የሚሠራው። ይህ የሸማኔው ስንፍና አይደለም፤ ማንም የተማረ ሰው አጠገቡ ቁጭ ብሎ "ይሄ ነገር እንዴት ነው የሚሠራው? ምንስ ያስቸግርሃል?" ስላላለው ነው።

አሁን ወደ ጋፋት እንሂድ።

ደብረ ታቦር አጠገብ ያለችውን ጋፋትን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፤ የ"ሴባስቶፖል" መድፍ አገር ናት። አፄ ቴዎድሮስ በዙፋን ላይ በነበሩበት ዘመን (1847–1860 ዓ.ም.) ከስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ከሚገኘው የቅዱስ ክሪሾና ሚሲዮን የመጡ የእጅ ሙያ ያላቸው ወንጌላውያን ነበሩ። ዋልድማየር፣ ሳልሙለር፣ ቤንደር የሚባሉት ማለት ነው። ንጉሡ እነዚህንና ሌሎች አውሮፓውያን ሙያተኞችን ጋፋት ላይ አሰፈሯቸውና "መድፍ ሥሩልኝ" አሏቸው። ሰዎቹ "እኛ መድፍ መሥራት አናውቅም" አሉ። ንጉሡ ደግሞ አናውቅም የሚባል ነገር አይገባቸውም። ሞከሩ፣ አልሆነም። እንደገና ሞከሩ። በመጨረሻ ቀለጠ፣ ፈሰሰ፣ መድፍ ወጣ።

ልብ በሉልኝ፤ ፈረንጆቹም አያውቁም ነበር! እየተሳሳቱ ነው የተማሩት። እዚያው ጋፋት ደግሞ የእኛ አገር ወጣቶች ንባብና የእጅ ሙያ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ነበር። እንግዲህ መምህር አለ፣ ተማሪ አለ፣ ምድጃ አለ፣ ሥራውን ከልቡ የሚፈልግ ንጉሥም አለ። ምን ጎደለ?

የጎደለው ምን እንደሆነ ለመረዳት አንድ ነገር አስተያዩ። ጋፋት ላይ ብረት የሚያቀልጠው ፈረንጅ በንጉሡ ዘንድ የተከበረ ነበር፤ ይሸለማል፣ ይጋበዛል። ዋልድማየር ለምሳሌ የንጉሡ ባለሟል የነበረውን የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጅ ነው ያገባው። ከጋፋት ወጣ ብሎ ባለ መንደር ያው ብረት የሚያቀልጠው ያገሬው ቀጥቃጭ ግን ያው ቡዳ ነው። እሳቱ አንድ፣ ወናፉ አንድ፣ ብረቱ አንድ! እንግዲህ አንድ ባለ ርስት ልጁን "ሂድና ይህን ሙያ ተማር" ብሎ በፈቃዱ የሚልክበት ምን ምክንያት አለው?

ቴዎድሮስ ራሳቸው በዚህ አይታሙም። ሴባስቶፖል ክብደቱ ወደ 7 ቶን፣ በእኛ አነጋገር 70 ኩንታል ይጠጋል። በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ለማድረስ ግማሽ ዓመት ገደማ ፈጅቷል። በመቶ የሚቆጠር ሰው እየጎተተው፣ ገደሉ እየተናደ መንገድ እየተሠራለት ነው የሄደው። ንጉሠ ነገሥቱ በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሱ መንገዱን ሠርተዋል። በዚያ ዘመን ለአንድ ንጉሥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የሆነውን ታውቁታላችሁ። መድፉም የጦርነቱን ውጤት አልለወጠም። አውሮፓውያኑ ሙያተኞች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ። ዋልድማየር ሊባኖስ ገብቶ ትምህርት ቤትና የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋመ። ለእኛ መድፉ ቀረልን፤ የመድፍ ሥራው ግን አልቀረም። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ምስሉን አቁመን ፎቶ እንነሳበታለን።

ቀጥሎ የሚመጣው 1900 ዓ.ም. ነው። ይህ ዓመት ለእኔ በጣም ገራሚ ዓመት ነው። አፄ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች የሾሙት በዚህ ዓመት ነው። የመጀመሪያዋ መኪና አዲስ አበባ የገባችውም በዚሁ ዓመት ነው። ብዙ ሰው የማያነሳው ግን ሦስተኛው ነገር ነው፤ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ያወጡት በ1900 ዓ.ም. ነው።

አዋጁን ያነበበ ሰው ንጉሡ ምን ያህል እንደተንገበገቡ ይረዳል። ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ የአዳምና የሔዋን ልጅ ሁሉ አንድ ነው። አውሮፓ ውስጥ መድፍና ባቡር የሚሠራ ሰው ይመሰገናል፣ ረዳት ይጨመርለታል እንጂ በሥራው አይሰደብም። እናንተ ግን በስድባችሁ ሠሪ አጠፋችሁ። ከእንግዲህ ሠራተኛን የሰደበ የሰደበው እኔን ነው፤ ደግሞ የተገኘ አንድ ዓመት ይታሰራል።

በአዋጁ ላይ ስማቸው የተነሳውን ሰዎች ብታዩ ትገረማላችሁ። ብረት ሠሪውና ሸማኔው ብቻ አይደሉም። መጻፍ የሚያውቀውም "ጠንቋይ" እየተባለ ይሰደብ ነበር፤ ስለዚህ እኔም አለሁበት ማለት ነው። ገበሬውም አለበት። ነጋዴውም አለበት!

ነጋዴው! ያ ተማሪዬ ከሸማኔነት ሸሽቶ የተደበቀበት ስም በ1900 ዓ.ም. ራሱ ስድብ ነበር። እዚህ ላይ ስደርስ ወረቀቴን አስቀምጬ ብዙ ቆየሁ። አያችሁ? ንቀት ከሰማይ የወረደ፣ የማይለወጥ ነገር አይደለም። ንግድ ተከብሯል፤ ሽመና ግን አልተከበረም። ለምን? አዋጁ እኮ ለሁለቱም ነው የወጣው። እኔ እንደሚመስለኝ ነጋዴውን ያስከበረው አዋጁ ሳይሆን ገንዘቡ ነው። ነጋዴው አተረፈ፣ ቤት ሠራ፣ ልጁን አስተማረ፣ ከዚያ ሰው "ጌታዬ" አለው። ሸማኔው ግን መሰደቡ በአዋጅ ተከለከለለት እንጂ ከሙያው የሚያተርፍበት መንገድ አልተከፈተለትም።

ይህን የምለው ዝም ብዬ አይደለም። አሁን ወደ ጃፓን እወስዳችኋለሁ።

ጃፓን ለውጥዋን የጀመረችው በ1868 እ.ኤ.አ. ነው፤ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በሞቱበት በዚያው ዓመት። እነሱም የውጭ ሙያተኞች አስመጡ። በ1873 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ላይ ሄንሪ ዳየር በሚባል ስኮትላንዳዊ ወጣት የሚመራ የምህንድስና ኮሌጅ ከፈቱ። ተማሪዎቹ ሒሳቡን ከተማሩ በኋላ እጃቸውን ግራሶ አስነክተው ወርክሾፕ ውስጥ ይሠሩ ነበር። ጃፓኖች ቅዱሳን ናቸው እያልኩ አይደለም። እነሱም ቆዳ የሚሠሩትንና ከብት የሚያርዱትን የሚያገሉበት ሥርዓት ነበራቸው። በ1871 እ.ኤ.አ. በሕግ ሻሩት፤ ንቀቱ ግን በሕግ ብቻ አልጠፋም። በዚህ እንመሳሰላለን።

የምንለያየው ሌላ ቦታ ነው። ሳኪቺ ቶዮዳ የሚባል ሰው በ1867 እ.ኤ.አ. በገጠር ተወለደ። አባቱ ገበሬና አናጢ ናቸው። እናቱ ቤት ውስጥ በእጅ መሸመኛ ጨርቅ ይሠራሉ። ልጁ እናቱ ሲደክሙ እያየ ነው ያደገው። በ1885 እ.ኤ.አ. ጃፓን የፈጠራ ባለቤትነት ሕግ አወጣች፤ አዲስ ነገር የፈጠረ ሰው ጥቅሙ የራሱ እንዲሆን ማለት ነው። ይህን የሰማ የአናጢ ልጅ ዕንቅልፍ አጣ። የመሸመኛ ዕቃ እየፈታ መገጣጠም ጀመረ። አባቱ ነገሩን አልወደዱትም ይባላል፤ ጎረቤትም ነካ ያደረገው መስሎት ነበር አሉ። በ1890 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ በተደረገው የኢንዱስትሪ ኤግዚቢሽን ላይ ማሽኖችን ለማየት ተመላለሰ። በዓመቱ በአንድ እጅ የሚሠራ የእንጨት መሸመኛ አወጣና የባለቤትነት ወረቀቱን ተቀበለ።

ከዚያ በ1896 እ.ኤ.አ. በሞተር የሚሠራ መሸመኛ ሠራ። ይህ ማሽን አንድ ልዩ ነገር ነበረው፤ ማጉ ሲበጠስ ራሱ ይቆማል። ይህን ሐሳብ ማን ሊያመጣው ይችላል? ማግ ሲበጠስ ምን ያህል ጨርቅ እንደሚበላሽ ያየ ሰው ነው። የእናቱን ድካም ያየ ልጅ!

በ1924 እ.ኤ.አ. ሙሉ በሙሉ ራሱን ችሎ የሚሠራ መሸመኛ ወጣ። በ1929 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ፕላት ብራዘርስ ኩባንያ የዚህን ማሽን መብት በ100,000 ፓውንድ ለመግዛት ተስማማ። የጨርቅ ማሽን ለዓለም ታስተምር የነበረችው እንግሊዝ ከሸማኔ ልጅ ገዛች! የሳኪቺ ልጅ ኪቺሮ ፊቱን ወደ መኪና አዞረ፤ የዚያ ገንዘብ መነሻ ሆነው ይባላል። በ1937 እ.ኤ.አ. ኩባንያው ተቋቋመ። ስሙም ቶዮታ ተባለ።

አዎ፣ ያው ቶዮታ። ጠዋት ተጋፍተን የምንሳፈርበት ዶልፊን። "ቪትዝ ልግዛ" እያልን ዕቁብ የምንጥልለት። ባለሥልጣን ሲያልፍ መንገድ የምንለቅለት ላንድክሩዘር። ሁሉም የዚያ መሸመኛ የልጅ ልጆች ናቸው። "ማጉ ሲበጠስ ማሽኑ ይቁም" የሚለው ሐሳብ ዛሬም በቶዮታ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል፤ ስህተት ያየ ተራ ሠራተኛ መስመሩን ማስቆም ይችላል።

እኛ ቶዮታ ላለው ሰው ከመቀመጫችን እንነሳለን። "ሸማኔ" ስንባል ደግሞ እንጣላለን።

ሌላም የሚቆጨኝ ነገር አለ። የእኛ ሰዎች ጃፓንን አያውቁም ነበር እንዳትሉ። በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥታችንን በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ሲያረቁ የጃፓንን ሕገ መንግሥት ነው አርአያ ያደረጉት። ሕገ መንግሥቱን ወሰድን፤ የአናጢውን ልጅ ዕንቅልፍ ያሳጣውን ሕግ ግን አልወሰድንም። የእኛ የፈጠራ አዋጅ (ቁጥር 123) የወጣው በ1987 ዓ.ም. ነው። ከጃፓኑ በ110 ዓመት ዘግይቶ ማለት ነው። የምኒልክ ሕግ ሸማኔውን "አትስደቡት" አለ። የጃፓኑ ሕግ ደግሞ ሸማኔውን ራሱን "ፈጠራህ የአንተ ነው" አለው። ለእኔ ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። ማንም ሰው አልተሰደብኩም ብሎ ብቻ ሌሊት ቁጭ ብሎ ማሽን አይፈጥርም።

"እሺ፣ የሳኪቺ ማሽንስ የስንቱን የእጅ ሸማኔ እንጀራ ዘጋ?" የሚለኝ ይኖራል። ትክክል ነው፤ አንድ ሠራተኛ ብዙ ማሽን መቆጣጠር ሲችል ሌላው ሥራ ያጣል። ተማሪዎቼም "ቲቸር፣ ኤአይ ሥራችንን ሊቀማን ነው?" እያሉ ይጠይቁኛል። ማሽን መምጣቱ አይቀርም። ጥያቄው ማሽኑን የሚሠራው ሥራውን የሚያውቀው የአገሬው ልጅ ነው ወይስ ሥራውን አይቶት የማያውቅ የሩቅ ሰው ነው የሚለው ይመስለኛል።

ባለፈው ቅዳሜ የልጁ አባት ቤት ሄድኩ። ጋቢ ላዝዝ የመጣሁ ነው ያስመሰልኩት። "ኖር መምህር" ብለው ተነሱ። "ጋሼ፣ ሥራ እንዴት ነው?" አልኳቸው። ጥለቱን በማሽን ያተመ ከውጭ የሚገባ ጨርቅ ገበያውን እንዳጣበበባቸው አጫወቱኝ። "ሩቅ ቆሞ ላየው የኛን ይመስላል፤ ዋጋው ግማሽ ነው" አሉ። ያው ማሽኑን የሩቅ ሰው ሠርቶታል ማለት ነው።

ከዚያ መሸመኛቸውን ጠጋ ብዬ አየሁት። የእግር መርገጫው ላይ የብስክሌት ከመነዳሪ ቆርጠው አስረውበታል። "ይሄ ምንድነው?" ስላቸው፣ መርገጫው ራሱ ተስቦ እንዲመለስ ብለው የሠሩት እንደሆነ ነገሩኝ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ነው። "ሌሎቹም ከኔ አይተው አስረዋል" አሉ እየሳቁ። "ማነው ያሳየዎት?" አልኳቸው። "ማን ያሳየኛል? ጉልበቴ ነዋ!" አሉኝ።

ልጃቸው በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር።

አሁን ደግሞ የራሴን ልናገር። ስጽፍ እስካሁን ያዘገየሁት ይሄንን ነው። የዛሬ ዓመት ገደማ የክፍሉ ውጤት ወርዶ ተናድጄ "ካላጠናችሁ ቁጭ ብላችሁ ጥጥ ስትፈትሉና ስትሸምኑ ነው የምትቀሩት!" ብዬ ነበር። ክፍሉ ሳቀ። ያ ልጅ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበር። ምኒልክ ቢኖሩ አንድ ዓመት የሚያሳስሩት እኔን ነበር።

ይህን የምናገረው እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ስለማውቅ ነው። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ "ውጤት ካልመጣለት ቴክኒክና ሙያ ይግባ" ስንል ሙያን እንደ ቅጣት እያወራን ነው። ወላጅ ደግሞ ልጁ ኤሌክትሪሺያን ሆኖ የእኔን ደመወዝ እጥፍ እያገኘ እንኳን "ቢሮ አልገባልኝም" ብሎ ያዝናል። ዲፕሎማዬን አልንቅም፤ ለፍቼ ያገኘሁት ነው። ግን የከመነዳሪዋን ብልሃት እኔ አላሰብኳትም፤ ከዚያ ቀን በፊትም "ይሄ ምንድነው?" ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

ሰኞ ዕለት ክፍል ስገባ መጀመሪያ ለተናገርኩት ይቅርታ ጠየቅኩ። ሁሉንም ነው የጠየቅኩት፤ እሱን ለይቼ አላሳፈርኩትም። ከዚያ የሳኪቺን ታሪክ ነገርኳቸው። "ቶዮታ የሸማኔ ልጅ ነው" ስላቸው ሳቁ፤ ሲገባቸው ግን ዝም አሉ። የቤት ሥራውን እንደገና መሥራት የሚፈልግ መሥራት ይችላል አልኩ።

ልጁ እስከ ዛሬ አላመጣም። አባትየውን ክፍል መጥተው ስለ መሸመኛቸው እንዲያስረዱልን ጋብዣቸው "ልጄ ካላፈረብኝ እመጣለሁ" ብለውኛል። መልሱ ያለው ልጁ ጋ ነው፤ አላስቸኩለውም።

እናንተም እስቲ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። አባታችሁ፣ እናታችሁ፣ አያታችሁ በእጃቸው ምን ይሠሩ ነበር? ራሳቸው የፈጠሯት፣ ስም ያልወጣላት ትንሽ ብልሃት ነበረቻቸው? ተማሪዎቼ እንዲያነቡት ሰብስቤ ክፍል ውስጥ እለጥፈዋለሁ። ያ ልጅም ያነበው ይሆናል።

መልካም ምሽት።